11,500 ብር ነፋስ መውጫ ወይስ 18,000 ብር አዲስ አበባ?



ዘንድሮ ከመካከላችን የምትመረቁ ብዙ ናችሁ። ከምረቃ በኋላ የሚደውል ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሥራ አገኘህ ወይ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ደመወዙ ስንት ነው?" ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ "ያ ብር እዚያ ከተማ ምን ያህል ያኖራል?" ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ስለተረሳው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ከራሴ ቤት የመጣ ነው። የእስቴ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ በአካውንቲንግ ተመርቆ ቤት ተቀምጦ ሳለ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሥራ ደረሰው። አንዱ ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ደመወዙ 11,500 ብር ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ የሚገኝ የግል ድርጅት ነው፤ እዚያ 18,000 ብር። አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ። አጎታችን "18 ሺህ እያለ 11 ሺህ የሚመርጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አለ። አባታችን ዝም አሉ። እናታችን ግን "የደመወዙን ነገር ተዉት። ከበላና ቤት ከተከራየ በኋላ ምን ይተርፈዋል? እሱን ንገሩኝ" አለች።

እኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ ብዬ ደብተርና ካልኩሌተር አወጣሁ። የዚያን ቀን ሒሳብ፣ የተሳሳትኩበትንም ጭምር፣ ለእናንተ ላካፍላችሁ። የኪራይና የታክሲ ቁጥሮቹ ወንድሜ ያኔ ጠይቆ ያገኛቸው እንጂ የገበያ ጥናት አይደሉም። እናንተ የራሳችሁን ቁጥር እየተካችሁ አስሉት፤ መንገዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ እጅ ላይ የሚደርሰው

ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ደመወዝና እጅ ላይ የሚደርሰው አንድ አይደሉም። ሁለት ተቀናሾች አሉ። አንደኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሁለተኛው የሥራ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 18,000 ብር የሚያገኝ ሰው በሙሉ ደመወዙ ላይ 35 በመቶ አይከፍልም። እያንዳንዱ መጠን የሚከፈልበት የየራሱ እርከን ነው። አጭሩ ስሌት እንዲህ ነው፦ ደመወዙ ከ10,000 እስከ 14,000 ከሆነ በ0.30 አባዝታችሁ 1,350 ቀንሱ፤ ከ14,000 በላይ ከሆነ በ0.35 አባዝታችሁ 2,050 ቀንሱ።

በዚህ መሠረት 11,500 ብር ላይ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 805 ይሆናል፤ እጅ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። 18,000 ብር ላይ ደግሞ ግብሩ 4,250፣ ጡረታው 1,260 ሲሆን እጅ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር ነው።

አጎታችን ያየው ልዩነት 6,500 ብር ነበር። እውነተኛው ልዩነት 3,895 ብር ሆነ። ገና አውቶቡስ ሳንሳፈር ከልዩነቱ 40 በመቶው ቀለጠ ማለት ነው።

አንድ ዓይነት ደመወዝ በሁለት ከተማ

ሁለቱን ደመወዞች ከማወዳደራችን በፊት ቀለል ያለውን እንይ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። እንበልና ሁለት ጓደኛሞች በዚህ መነሻ ተቀጠሩ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ነፋስ መውጫ። የሁለቱም እጅ ላይ 8,595 ብር ይደርሳል።

ወንድሜ በጠየቀው ዋጋ አዲስ አበባ ዳር ላይ አንድ ክፍል ቤት 5,000 ብር፣ ነፋስ መውጫ 1,500 ብር ነበር። ኪራይ ሲቀነስ የአዲስ አበባው ልጅ 3,595 ብር፣ የነፋስ መውጫው 7,095 ብር ይቀራቸዋል። ወረቀቱ ላይ እኩል የነበሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላው እጥፍ ገደማ ሆነ። የመንግሥት ሠራተኛው አዲስ አበባ ውስጥ በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነፃ መሄድ መቻሉ በጀው እንጂ ታክሲ ቢጨመርበት ኖሮ የባሰ ነበር።

ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው በዋናነት መሬት ነው። ጤፍና ስኳር በመኪና ይጫናሉ፤ ዋጋቸው ከከተማ ከተማ የሚለያየው በመጫኛውና በነጋዴው ትርፍ ልክ ነው። ቤት ግን አይጫንም። ነፋስ መውጫ ባዶ የቆመ ክፍል አዲስ አበባ ቤት ያጣን ሰው አያስጠልልም። ስለዚህ ሁለት ከተማ ስታወዳድሩ ከሽንኩርት ዋጋ አትጀምሩ፤ ከኪራይ ጀምሩ።

18,000 ብሩስ?

አሁን ወደ ወንድሜ ጉዳይ እንመለስ። አዲስ አበባ ያለው ሥራ የግል ስለሆነ ነፃ አውቶቡስ የለም። ታክሲ በቀን 80 ብር ብንይዝ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር ይሆናል። ከ12,490 ላይ ኪራይ 5,000፣ ታክሲ 2,080 ሲቀነስ 5,410 ብር ይቀራል። ነፋስ መውጫ በእግሩ ወደ ሥራ ሄዶ 7,095 ብር ይቀረው ነበር።

ይህን ሳነብ ቤቱ ጸጥ አለ። በ18,000 ብሩ ሥራ በወር 1,685 ብር ያንሰዋል፤ ያውም ገና እህል ሳይገዛ።

ብቻውን ተከራይቶ የነፋስ መውጫውን ያህል እንዲቀረው አዲስ አበባ ስንት መከፈል ነበረበት? 7,095፣ 5,000 እና 2,080 ሲደመሩ 14,175 ብር ይሆናል። ይህ እጅ ላይ መድረስ ያለበት ነው። ከእሱ 2,050 ቀንሳችሁ ለ0.58 ብታካፍሉት ወደ 20,900 ብር ይመጣል። 0.58 የመጣው ከ14,000 በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ግብር፣ 7 ሳንቲም ጡረታ ወጥቶ 58 ሳንቲም ስለሚቀር ነው። አሠሪ "ስንት ትፈልጋለህ?" ሲላችሁ ይህን ቁጥር በልባችሁ ይዛችሁ ግቡ። ብዙዎቻችን በይሉኝታ "እናንተ እንዳያችሁ" የምንለው ቁጥር ስለሌለን ነው።

ወንድሜ ግን ሌላ ነገር አነሳ። አብሮት የተማረ የስማዳ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ "ደባል እንሁን" ብሎታል። ኪራዩ ለሁለት ሲካፈል 2,500 ብር ይሆናል። ያኔ የሚቀረው 7,910 ብር ነው፤ ከነፋስ መውጫው በ815 ብር ይበልጣል። ደመወዙም ከተማውም ሳይለወጥ አንድ ደባል ብቻ ውጤቱን ገለበጠው። በምህንድስና አንድ ቁጥር ትንሽ ሲነካ መልሱ ከተገለበጠ ያንን ቁጥር ደጋግመህ ፈትሸው እንባላለን። እዚህ ያ ቁጥር ኪራይ ነው።

"ገጠር ከተማ ርካሽ ነው" ሲባል

ምግብ ላይ ሁላችንም "አገር ቤት ርካሽ ነው" እንላለን። በከፊል እውነት ነው። ከነፋስ መውጫ ዙሪያ ያለው ደጋ ገብስና ድንች የሚያበቅል ስለሆነ እነዚህን ከገበሬው እጅ መግዛት ይቻላል። ጤፍ ግን ከወይና ደጋውና ከቆላው ይመጣል፤ ሩዝም ከፎገራ በኩል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉ ወረዳዎች መካከል መሆናቸውን አትርሱ። ማለትም በየዓመቱ ለራሳቸው የማይበቃ እህል የሚያመርቱ ብዙ ቤተሰቦች አሉበት። እንዲህ ባለ አገር የእህል ዋጋ በታኅሣሥና በጥር ከአውድማ ሲወጣ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራ ሲራቆት ይወጣል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ወቅቱን ሳይጠብቅ ይወጣል። ስለዚህ የጥርን ዋጋ ይዛችሁ የዓመት ሒሳብ አትሥሩ።

በሌላ በኩል ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ መድኃኒትና ቆርቆሮ ከሩቅ የሚጫኑ ናቸው። ተራራ በወጡ ቁጥር ዋጋቸውም አብሮ ይወጣል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ብርድ ልብስና ከሰልም የበጀት ርዕስ ናቸው፤ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ስፔሻሊስት ሐኪም ካስፈለገ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር መሄድ አለ። የሕክምናው ክፍያ ትንሽ ቢሆን እንኳ መሳፈሪያውና ማደሪያው ትልቅ ነው።

"ከቤት ጤፍ ይላክልኛል" የምትሉም አላችሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ጸጋ ነው። ሒሳብ ላይ ግን ነፃ ብላችሁ አትጻፉት። ያ ጤፍ ባይላክላችሁ አባታችሁ ገበያ አውጥተው ይሸጡት ነበር። እናንተ ያልከፈላችሁትን ዋጋ እሳቸው ከፍለውታል።

በየትም ቢሆን አንድ ዋጋ ያላቸው ነገሮች

እስካሁን የቆጠርነው እዚያው ከተማ የሚጠፋውን ብር ነው። ግን ሁሉም ብር እዚያው አይጠፋም። ላፕቶፕና ስማርት ስልክ ነፋስ መውጫ ስለሆናችሁ በሩብ ዋጋ አይሸጡላችሁም። እንዲያውም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋውን የሚወስነው ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያ ለውጥ ነፋስ መውጫ፣ ወገዳም ሆነ መካነ ኢየሱስ ላለ ሰው እኩል ነው የደረሰው።

ለእናት የሚላክ ብርም እንዲሁ ነው። የተላከው 1,000 ብር ከአዲስ አበባ መጣ ከነፋስ መውጫ፣ እስቴ ገበያ ላይ አንድ ነው። ስለዚህ ሕልማችሁ ቤተሰብ መርዳት ወይም ትልቅ ዕቃ መግዛት ከሆነ ማየት ያለባችሁ "ኑሮው ይርከሳል ወይ?" የሚለውን ሳይሆን "በወሩ መጨረሻ በብር ስንት ይተርፋል?" የሚለውን ነው። አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ያንን ሁሉ የሚችሉት ለዚህ ነው። ውድ አገር ሠርተው፣ ከራሳቸው ቆጥበው፣ ርካሽ አገር ያለ ቤተሰብ ይረዳሉ። እናታችን "ምን ይተርፈዋል?" ስትል ይህንኑ ነበር የጠየቀችው።

ኢብን ኸልዱን ምን አለ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቱኒስ የተወለደው ሊቅ ኢብን ኸልዱን በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው "ሙቀዲማ" ውስጥ ስለ ከተሞች የዋጋ ልዩነት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ሕዝብ የበዛበት ከተማ ሥራው ስለሚበዛ ገቢውም ወጪውም አብሮ ያድጋል ይላል። ፋስንና ትለምሳንን እያነጻጸረ፣ የፋስ ቃዲ ከትለምሳን ቃዲ፣ የፋስ ነጋዴ ከትለምሳን ነጋዴ የተሻለ እንደሚኖር ጽፎ እስከ ለማኞቹ ድረስ ይወርዳል። ይህ አጎታችንን ይደግፋል። ነገር ግን እዚያው ላይ የገጠር ሰው ትልቅ ከተማ ገብቶ መኖር እንደሚከብደው ይጽፋል። ገቢው የገጠር፣ ወጪው የከተማ ይሆንበታልና። ይህ ደግሞ እናታችንን ይደግፋል።

ሁለቱ አይጋጩም። ትልቅ ከተማ የሚጠቅመው ገቢው ከከተማው ጋር አብሮ የሚያድግለትን ሰው ነው። ስለዚህ አሠሪያችሁን የዛሬውን ደመወዝ ብቻ አትጠይቁት። "ከሁለት ዓመት በኋላ እዚህ ቦታ ላይ ያለ ሰው ስንት ያገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ብር ያልሆኑ ወጪዎች

አዲስ አበባ ዳር ላይ ተከራይቶ መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው በሰልፍና በመንገድ በቀን 3 ሰዓት ቢያጠፋ በወር 78 ሰዓት ነው። በ8 ሰዓት ሥራ ሲታሰብ ወደ 10 የሥራ ቀን ይጠጋል። ያ ጊዜ ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ኮርስ መማሪያም፣ ቁርአን መቅሪያም፣ ማረፊያም ይሆን ነበር።

ነፋስ መውጫም የራሷ ወጪ አላት። አገር ቤት ደመወዝ ጆሮ አለው፤ ወሩ የገባበትን ቀን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የታመመ ጥየቃ፣ "እስከ ጥር አበድረኝ" የሚል ጎረቤት አለ። ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም፤ ነገ እኛ ስንቸገር የሚመልሰው ይህ ማኅበራዊ ኑሮ ነው። ግን በሒሳቡ ላይ መስመር ይሰጠው። መስመር ያልተሰጠው ወጪ ነው ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከተው።

የተሳሳትኩበት

ወንድሜ በመጨረሻ አዲስ አበባን መረጠ፤ ደባሉን አምኖ፣ በ815 ብር ብልጫ። እኔም ሒሳቤ ትክክል ነው ብዬ ኮራሁ። የረሳሁት የመጀመሪያውን ወር ነበር።

ደመወዝ የሚከፈለው ከሠሩ በኋላ ነው፤ አከራይ ግን ቀድሞ ይፈልጋል። የእሱ ድርሻ የሁለት ወር ቅድሚያ ኪራይ 5,000፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ምድጃ 4,000፣ መሳፈሪያ 2,000፣ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ መቆያ 4,000፤ በድምሩ 15,000 ብር አስፈለገ። አባታችን ሁለት በጎች ሸጠው ሰጡት። 15,000ን በ815 አካፍሉት፤ ከ18 ወር በላይ ነው። ማለትም ያ ሁሉ የተከራከርንበት ብልጫ የአባቴን በጎች እስኪመልስ ድረስ ብቻውን አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ነፋስ መውጫም ፍራሽና መሳፈሪያ ስለማይቀር ልዩነቱ ሙሉው 15,000 አይደለም። ቢሆንም ያን ቀን ይህን መስመር ጽፌው ቢሆን ምክሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ቢያንስ አባቴ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

አሁን ስድስት ወር ሞልቶታል። ባለፈው ስደውል "ደመወዝ ሊጨምሩልኝ ነው ይላሉ፤ ግን ደባሌ ሊያገባ ነው" ብሎ ሳቀ። ሁለቱም የሒሳቡ ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይጎትታል። ሳቁ ሙሉ እንዳልነበር ገብቶኛል።

ከመወሰናችሁ በፊት

ሥራ ሲመጣላችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ለሁለት ክፈሉና በሁለቱም በኩል እነዚህን ጻፉ፦

1. ከግብርና ከጡረታ በኋላ እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው?
2. ኪራይ ስንት ነው? ብቻ ሲሆን፣ በደባል ሲሆን፣ ደባሉ ቢሄድ።
3. ወደ ሥራ መሄጃው በብርና በሰዓት ስንት ነው?
4. ለቤተሰብ የሚላከውን መጀመሪያ ጻፉት፤ "ከተረፈ እልካለሁ" የተባለ ብር አይተርፍም።
5. ለመጀመሪያው ወር ስንት ያስፈልጋል? ከማንስ ይመጣል? በስንት ወር ይመለሳል?

አዲስ አበባ ለምትገቡ አንድ ነገር ልጨምር። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት ነው፤ አከራይም ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። "የስድስት ወር አምጣ" ስትባሉ ይህን አውቃችሁ ተነጋገሩ፤ ውሉንም በጽሑፍ አድርጉት።

ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው። ሒሳብም አንዱ ሰበብ ነው። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች የሚያርም ወይም ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያና ከመካነ ኢየሱስ የራሱን ኪራይና ወጪ የሚጨምር ካለ ለጋዜጣችን አዘጋጆች ያድርስልን፤ በሚቀጥለው እትም ለተመራቂዎች አንድ ሠንጠረዥ እናወጣለን፣ ኢንሻአላህ።